«ዝም ይበሉ» ብዬ የጻፍሁ ዕለት

ማክሰኞ ታኅሣሥ 8 ቀን 2017 ዓ.ም. ከቀኑ ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ በጅቡቲ ከተማ የካርቲየ ሰባት ቢስ ሰፈር ነዋሪ በሙሉ ድምፁን አጣ። ድምፁን የነሣውን ጽሑፍ የጻፍሁት እኔ ነኝ። ጽሑፉ ለአንድ ሰው ብቻ የታሰበ ነበር።

ከዚያ ሳምንት ወዲህ በሙያዬ አንድ መስመር አልጻፍሁም። በሃምሳ አራት ዓመቴ፣ ከሃያ ሦስት ዓመት አገልግሎት በኋላ፣ ራሴን በጡረታ አሰናብቻለሁ፤ የእኛን ዓይነቱን ሥራ በጡረታ የሚያሰናብት ሌላ አካል የለምና። ይህን ማስታወሻ የምጽፈው ለጥፋቴ ማስተባበያ ለማቅረብ አይደለም። ስለ አሠሪዬ ስለ የኔታ አጥናፉ በከተማው ብዙ ይወራል፤ ከሚወራውም አብዛኛው እውነት ነው። ነገር ግን የሚያወሩት ሰዎች አብረዋቸው አልሠሩም። እኔ ሠርቻለሁ።

የኔታ አጥናፉ ድምፅ አሳሪ ነበሩ። ሱቃችን ካርቲየ አንድ ውስጥ፣ በአንድ ልብስ ሰፊና በአንድ ሰዓት ጠጋኝ መካከል ነበረ። በከተማችን ነፋስ የሚያስረውም፣ እንቅልፍ የሚያስረውም፣ ጥላ የሚያስረውም ፈቃድ አውጥቶና ሰሌዳ ሰቅሎ እንደሚሠራ የታወቀ ነው። የእኛ ሰሌዳ በፈረንሳይኛ፣ በዐረብኛና በአማርኛ «ድምፅ ይታሰራል» ይል ነበር። አንድ ሰው ሌላው እንዳይናገርበት ሲፈልግ ወደ እኛ ይመጣል፤ እኛም ያንን ሌላውን ሰው ዝም እናሰኝለታለን። ክፉ ሥራ ነው። የኔታም ክፉ ሰው ነበሩ፤ ይሁን እንጂ ትንሽ ክፉ። ትልቁ ክፉ፣ ከወደቡ ፊት ለፊት ምንጊዜም መልሕቅ በማይጥል መርከብ ላይ ይኖር የነበረውና ሰው ሁሉ «ባለመርከቡ» የሚለው ነው። የሱቃችን ፈቃድ በእርሱ ፊት ይታደስ ስለነበር የኔታ ለእርሱ ይታዘዙ ነበር፤ እኔ ለየኔታ። ከእኔ በታች ማንም አልነበረም።

ለሙያው እንግዳ የሆነ አንባቢ አንድ ነገር ማወቅ አለበት። የአንድን ሰው ስም ከነእናቱ ስም ያወቀ ጸሐፊ ያንን ሰው የፈለገውን ሊያደርገው ይችላል። ስለዚህ በእኛ ከተማ ማንም የእናቱን ስም ለባዕድ አይናገርም፤ እናቶቻችንን በአደባባይ «እማማ» ብቻ ብለን እንቀብራለን። የእናቱ ስም ያልታወቀ ሰው በሚኖርበት ሰፈርና እጁ በነካው ዕቃ ይታሰራል። ይህኛው ደካማ ማሰሪያ በመሆኑ ሸክሙ ሁሉ በጸሐፊው ቃል ላይ ይወድቃል።

እኔ የተወለድሁት በዚሁ ከተማ፣ በአሮጌው ባቡር ጣቢያ አጠገብ ነው። አያቴ ከሐዲዱ ጋር መጥተው ከሐዲዱ ጋር የቀሩ ሰው ነበሩ። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ የቋንቋ ጥናት ተምሬ ተመለስሁ። የመጀመሪያ ሥራዬ ፔካ 12፣ የጭነት መኪናዎች ወደ ኢትዮጵያ ከመነሣታቸው በፊት ከሚሰለፉበት ቦታ፣ እትዬ በላይነሽ በተባሉ እንቅልፍ አሳሪ ዘንድ ነበር። እትዬ በላይነሽ የደንበኛቸው ሹፌር እንዳይተኛ፣ የደንበኛቸው ተፎካካሪ ደግሞ እንዲተኛ ያስጽፉ ነበር። አንድ ቀን ሁለት ደንበኞች እርስ በርስ ተፎካካሪዎች መሆናቸው ሳይታወቅ ቀረና ሃያ መኪና መንገዱን ዘግቶ እያንኮራፋ ሳይነቃ ዋለ። እትዬ በላይነሽ በዚያው ሰሞን ወደ ድሬዳዋ ተሻገሩ። እኔም ሥራ ፍለጋ ወደ ካርቲየ አንድ መጣሁ።

የኔታ ዲግሪዬን በሁለት ጣት ይዘው ከሩቅ አዩት።

«ምን አስተማሩሽ?»

«በተለይ የግስ እርባታ ነው፣ የኔታ።»

«እርባታ! ፍየል ብታረቢ ይሻልሽ ነበር። ፍየሉስ ለብራናችን ይሆነን ነበር።»

ከዚያ አንድ ጽሑፍ ሰጡኝና ከመጨረሻው ቃል ጀምሬ ወደ መጀመሪያው እንዳነብላቸው አዘዙኝ። አነበብሁ። አምስተኛው ቃል ላይ ስደርስ አንድ ፊደል እንደተሳሳተ ነገርኋቸው። ስህተቱን ሆን ብለው ያስቀመጡት ነበር። በማግስቱ ሥራ ጀመርሁ። ደመወዜ በወሩ መጨረሻ ይከፈለኝ ነበር፤ ስለ ደመወዝ ከዚህ በላይ የምለው የለኝም። ለፈቃድ ቢሮው በፈረንሳይኛ በሁለት ቅጂ የምንሞላው ቅጽም ነበር፤ «ሙያ» በሚለው ሣጥን ውስጥ ሃያ ሦስት ዓመት ሙሉ «ጸሐፊ» ብዬ ሞልቻለሁ። ሐሰት አይደለም።

ስለ የኔታ አሠራር ግን ብዙ እላለሁ፤ በሕይወቴ ከዚያ የበለጠ ጥንቁቅ እጅ አላየሁም።

ብራናው ከአሊ ሳቢየህ አገር ፍየል መሆን ነበረበት። የከተማው ፍየል ካርቶን በልቶ ስለሚያድግ ቆዳው ቀለም አይጠጣም፤ የተጻፈበት ቃልም ላይ ላዩን ይቀራል ይሉ ነበር። ጥቀርሻውን ከዓሣ አጥማጅ ጀልባዎች ጭስ ማውጫ ራሳቸው ፍቀው ያመጣሉ፤ በሙጫና በባሕር ውኃ ይለውሱታል። የቀለሙ ጠባይ ከወር ወር ይለያያል። በሐምሌ፣ ሞቃቱ ነፋስ ሐምሲን ሲነፍስ፣ ብዕሩ ከብራናው ሳይነሣ ይደርቃል። በታኅሣሥ ግን ባሕሩ አየሩን ስለሚያረጥበው ሃያ ሰዓት ያህል ይፈጃል። ቀለሙ እስኪደርቅ ድረስ የታሰረውን ያው የጻፈው እጅ ሊፈታው ይችላል። ከደረቀ በኋላ የሚፈታው በጽሑፉ ላይ የተወሰነው ቀን ሲደርስ ብቻ ነው። ስለዚህ የኔታ ማብቂያ የሌለው ማሰሪያ አያስጽፉም ነበር። ሦስት ቀን፣ አንድ ሳምንት፣ ቢበዛ አርባ ቀን። «ማብቂያ የሌለው ቃል የሰነፍ ቃል ነው» ይላሉ።

ከልማዶቻቸው ሁሉ የማደንቀው ማዳመጣቸውን ነው። አንድን ሰው ከማሰራቸው በፊት ግማሽ ቀን ያዳምጡታል። ገበያ ከሆነ ገበያ፣ መስጊድ ደጃፍ ከሆነ ደጃፍ፣ ጫት መቃሚያ ከሆነ እዚያው ጥግ ይዘው ተቀምጠው ድምፁን ይሰማሉ። ሲመለሱ የሰውየውን ሳል፣ የሰውየውን ሳቅ፣ የሚደጋግማትን ቃል ይነግሩኛል። ባልንጀሮቻቸው «ዘራፊ ቤት ገብቶ ስንት ወንበር እንዳለ ይቆጥራል?» እያሉ ይሳለቁባቸው ነበር። «እኔ የምወስደውን የማላውቅ ሌባ አይደለሁም» ብለው ይመልሳሉ።

አንድ ጊዜ ስለ ሌብነት የምትመሰክር አንዲት ሴት እንድትታሰርለት አንድ ነጋዴ መጣ። የኔታ አዳምጠዋት ተመለሱና «እውነቷን ነው» አሉት። ነጋዴው ደነገጠ። «እውነት ማሰር አይቻልም?» «ይቻላል፤ ግን ከሦስት ቀን በላይ አይዝልኝም።» ሥራውን ግን አልተዉም፤ ሦስት ቀን አስረዋታል፤ ምስክርነቷ የሚሰማበት ቀን አለፈባት። ይህን የምጽፈው እንዲታወቅ ነው። በሌላ ጊዜ ደግሞ በወደብ የሚጮህ አንድ ደላላ ለሳምንት አሰርን። በስምንተኛው ቀን ሱቃችን መጣ፤ ሊጣላን መስሎኝ ቀለሙን ከጠረጴዛው አነሣሁ። ሰውየው ግን ዝም ባለበት ሳምንት ሥራው እንደተቃናለት ነግሮን ሌላ ሳምንት እንድንጨምርለት ለመነን።

እንግዲህ ወደ ዋናው ሕግ እመጣለሁ። በመጀመሪያው ሳምንት የኔታ ጠረጴዛውን በጣታቸው መትተው እንዲህ አሉኝ፦

«እዚህ ላይ አንቱታ የለም። ጳጳስ ቢሆን፣ ሼህ ቢሆን፣ ሚኒስትር ቢሆን፣ አንተ ነው። ገባሽ?»

«ገባኝ፣ የኔታ። ግን ለምን?»

«አንቱ ያልሽው ሰው ይበዛብሻል።»

እርሳቸው ሰዋስው አልተማሩም፤ እኔ ግን የተማርሁት ይህንኑ ነው። በአማርኛ አንድን ሰው ስናከብር ግሱን የምናረባው እንደ ብዙ ሰው ነው። «ይምጡ» ብንል አንድ የተከበረ ሰው መጋበዛችን ይሁን ብዙዎችን መጥራታችን ከቃሉ አይለይም። ሰው ከሁኔታው ይረዳዋል። ቀለም ግን ሁኔታ አያውቅም።

ይህን ሕግ ሃያ ሦስት ዓመት ጠበቅሁ። ሽማግሌዎችን «አንተ» ብዬ ጽፌአለሁ፤ አንድ ጊዜ የገዛ ንስሐ አባቴን ጽፌአለሁ። አንድ ሰው ብቻ አልቻልሁም።

አባባ ሥዩም በአሮጌው ጣቢያ ባቡር ጠሪ ነበሩ። ፊደል አልቆጠሩም፤ የእያንዳንዱን ባቡር ሰዓትና የየጣቢያውን ስም በቃላቸው ይዘው በአማርኛ፣ በፈረንሳይኛና በሶማልኛ ይጠሩ ነበር። እኛ ልጆች በሐዲዱ ላይ ስንጫወት ምሽት ሲደርስ በዚያው ድምፅ ይጠሩናል፦ «ሰናይት! ወደ ቤት፣ ቀጥታ ጉዞ! መንገደኞች እግራችሁን ታጠቡ!» ከአባቴ ሞት በኋላ እናቴ እንዳታለቅስብኝ በየጊዜው ቤታችን ደጃፍ እየመጡ ትምህርቴን የሚጠይቁኝ እርሳቸው ነበሩ። አንቱ ከማለት ሌላ ጠርቻቸው አላውቅም። ባቡሩ ከቆመ በኋላ ወደ ካርቲየ ሰባት ቢስ ገቡ፤ በመጨረሻም ዐይናቸው ጠፋ። ይሁን እንጂ በየጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ ደጃፋቸው ተቀምጠው የድሬዳዋውን ባቡር ይጠሩ ነበር፤ ሰፈሩም በዚያ ድምፅ ወደ ሥራ ይወጣ ነበር።

በ2016 ዓ.ም. መጨረሻ ባለመርከቡ የካርቲየ ሰባት ቢስን ቤቶች ለመጋዘን ፈለጋቸው። ነዋሪው አልለቅም ሲለው ከሐምሌ ጀምሮ ነፋስ ወደ ሰፈሩ እንዳይገባ አሳሰረ። በጅቡቲ ሐምሌ ያለ ነፋስ ምን እንደሆነ ለዚህ ከተማ ሰው አላስረዳም። እስከ ታኅሣሥ ታገሡ። ሰኞ ታኅሣሥ 7 ጠዋት አባባ ሥዩም ከባቡሩ ጥሪ ቀጥለው ይህን አሉ፦

«መንገደኞች ሆይ! ከብዙ ዓመት በፊት በጣቢያው አንድ ሕፃን ጠፍቶ ሲያለቅስ በእናቱ ስም ጠርቼ ለእናቱ መልሼዋለሁ። ያ ሕፃን ዛሬ መርከብ ላይ ይኖራል። እስከ ዓርብ ነፋሳችንን ይመልስ። ዓርብ ጠዋት፣ ከድሬዳዋ ባቡር ቀጥሎ፣ የእናቱን ስም ደግሜ እጠራለሁ።»

የእናቱን ስም የሚያስታውስ በሕይወት ያለ ሌላ ሰው አልነበረም። ስሙ በአደባባይ ከተጠራ ግን በከተማው ያለ ማንኛውም ጸሐፊ ባለመርከቡን ማሰር ይችላል። ስለዚህ ማክሰኞ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ፣ ሁልጊዜ ነጭ ሸሚዝ የሚለብሰው የባለመርከቡ መልእክተኛ ሱቃችን መጥቶ የአባባ ሥዩምን የምርኩዝ ጫፍ ጎማ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

«አሁኑኑ ይታሰር ብሏል» አለ። «ማብቂያም አይኑረው።»

«ሳላዳምጥ አላስርም» አሉ የኔታ።

«ፈቃድህ በጥር ይታደሳል አይደል?»

የኔታ ጎማውን ወደ ራሳቸው ሳቡት። ከዚያ «ይሁን» አሉ። እኔን «አንተ በካርቲየ ሰባት ቢስ የምትኖር፣ ዝም በል፤ እንዲያ ብለሽ ጻፊ» ብለው መልእክተኛውን ለመሸኘት ወደ በሩ ወጡ። ሳያዳምጡ፣ ማብቂያ ሳያስቀምጡ፣ ጽሑፉንም ከኋላ ወደ ፊት ሳያስነብቡኝ ያስጻፉኝ ያን ቀን ብቻ ነው።

ብዕሩን ነከርሁ። «አንተ» የሚለውን ቃል ለመጻፍ ሦስት ጊዜ እጄን ዘረጋሁ፤ ሦስት ጊዜ መለስሁ። ከዚያ የጻፍሁት ይህ ነው፦ «በካርቲየ ሰባት ቢስ የሚኖሩት፣ ዝም ይበሉ።»

ሱቃችን ፊት ለፊት ጫት የምትሸጠው ፋጡማ ስልኳን ጆሮዋ ላይ ለጥፋ ስትጮህ የሰማኋት ወዲያው ነው።

«አሎ! አሎ! ያ ሰናይት፣ ነይ ስሚልኝ! እህቴ ስልኩን አንሥታለች፣ ትተነፍሳለች፣ አትናገርም!»

«ተጣልታችሁ ይሆናል» አልኋት።

«ወላሂ ትናንት ታርቀናል! ደግሞ እሷ ስትጣላ ነው ይበልጥ የምታወራው!»

ወዲያው አንድ የታክሲ ሹፌር ቆመና በመስኮቱ አንገቱን አወጣ። «ከሰባት ቢስ ነው የመጣሁት። አንድም ሰው አይናገርም! ሕፃን ያለቅሳል፣ እንባው ይወርዳል፣ ድምፅ የለውም። ሴትየዋ ልጇን ከመኪናዬ ፊት ልትጠራ አፏን ከፈተች፤ ፍሬን ባልይዝ ኖሮ…»

የኔታ ወደ ጠረጴዛው መጡ። ብራናውን አላዩትም፤ ወንበራቸው ላይ ተቀመጡና «ከኋላ ወደ ፊት አንብቢልኝ» አሉኝ።

«ይበሉ። ዝም። የሚኖሩት…»

«ይበሉ? ማን ነው ይበሉ?»

«እሳቸው» አልኋቸው።

«እነሱ» አሉኝ።

ፋጡማ ደጃፍ ላይ አሁንም አሎ ትላለች።

«ረሳሽው?»

«አልረሳሁትም። አልቻልኩም።»

ይቆጡኛል ብዬ ጠበቅሁ። የኔታ ግን የብዕሬን ጫፍ ወስደው በባሕር ውኃ ማጠብ ጀመሩ፤ ቀለሙን አጣድፈው ሲያበላሹ የሚያጥቡት ራሳቸው ነበሩ። «ይህን ብዕር ያጣደፍኩት እኔ ነኝ» አሉ።

አሥር ሰዓት ላይ መልእክተኛው ተመለሰ። የመጣው ሊወቅሰን መስሎኝ ነበር። ፊቱ ግን ያበራ ነበር። «ባለመርከቡ እጅግ ተደስቷል። ያላሰበውን ሠርታችሁለታል፤ አንድ ሽማግሌ ፈልጎ ሰፈር ሙሉ አገኘ። እንዳለ ይድረቅ ብሏል» አለና ሄደ።

ቀለሙ በማግስቱ አራት ሰዓት ተኩል ገደማ ይደርቃል። ማብቂያ ስለሌለው ከደረቀ በኋላ የሚፈታው ነገር የለም። የኔታ መንገዶቹን ለእኔ እንደ ትምህርት ዘረዘሩልኝ።

«ምንም ባናደርግ ይደርቃል፤ እኛም በሰላም እንኖራለን። ብንፈታው ደግሞ ቃሉ ቀላል ነው፤ በካርቲየ ሰባት ቢስ የሚኖሩት ይናገሩ። ከሥሩ ሁለተኛ መስመር ትጨምሪበታለሽ፤ አንተ ግን ዝም በል። ሕዝቡ ይፈታል፣ ሽማግሌው ይቀራል። ባለመርከቡ ትንሽ ይቆጣል፤ ግን የፈለገውን ስላገኘ ይጠብቀናል።»

«ሁለተኛው መስመር ባይኖርስ?»

«ዓርብ ሽማግሌው የባለመርከቡን እናት ስም ይጠራል። እስከ ዓርብ ግን ባለመርከቡ እኛን የሚበቀልበት ሁለት ሙሉ ቀን አለው።»

የመፍታትን ሕግ ሁለታችንም እናውቀው ነበር፦ ማሰሪያ የሚፈታ ሰው በጽሑፉ ግርጌ ስሙን ከነእናቱ ስም ያስጽፋል፤ ጽሑፉም እስኪደርቅ ድረስ በሱቁ በር ላይ በውጭ በኩል ይሰቀላል። በከተማው ታሪክ አንድም ድምፅ አሳሪ ከማብቂያው ቀን በፊት ፈትቶ የማያውቀው በዚህ ምክንያት ነው። የሠላሳ ዓመት ጠላት ያለበት ሰው የእናቱን ስም በር ላይ አይሰቅልም። ሁለተኛው መስመር ካለ ቢያንስ ባለመርከቡ ከጀርባው ይቆማል። ከሌለ ማንም አይቆምም።

ረቡዕ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ የኔታ ደጃፌን አንኳኩ። «ተነሺ፤ የቀረ ሥራ አለ» አሉኝ። በሚኒባስ ወደ ካርቲየ ሰባት ቢስ ሄድን። ሰፈሩ ተነሥቶ ነበር። እናቶች ልጆቻቸውን በገመድ ከወገባቸው አስረዋቸዋል፤ ጠርተው ሊመልሷቸው አይችሉምና። ሙአዚኑ መስጊዱ ደረጃ ላይ እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተቀምጧል። አንድ ሽንኩርት ሻጭ በካርቶን ላይ የሽንኩርት ሥዕል ሥሎ ራሱ ላይ ተሸክሟል።

አባባ ሥዩም ደጃፋቸው አግዳሚ ወንበር ላይ ነበሩ። የኔታ ከአጠገባቸው ሄደው ቆሙ። አባባ ሥዩም የሰው ኮቴ ሰምተው ፈቀቅ አሉና የወንበሩን ግማሽ በእጃቸው ጠረጉላቸው። ማን እንደሆነ አላወቁም። የኔታ ተቀመጡ። እኔ መንገዱ ማዶ ቆምሁ፤ ብቀርብ በእግር አረማመዴ ያውቁኛል ብዬ ፈራሁ።

አንድ ሰዓት ሲሞላ አባባ ሥዩም ቀጥ ብለው ተቀመጡ። አገጫቸውን ወደ ላይ አነሡ። አፋቸው ተከፈተ። በከንፈራቸው እንቅስቃሴ ብቻ እያንዳንዱን ጣቢያ ለየሁት፦ ሆልሆል፣ አሊ ሳቢየህ፣ ደወሌ፣ አይሻ፣ አዲጋላ፣ ሽንሌ፣ ድሬዳዋ። ምንም ድምፅ አልወጣም። በዚያው ሰዓት ግን የሰፈሩ በሮች አንድ በአንድ መከፈት ጀመሩ። ሰው ሁሉ እንደ ወትሮው በሰዓቱ ደጃፉ ላይ ወጣ፤ ፊቱን ወደ አባባ ሥዩም አዞረ፤ ጥሪው የሚያልቅበት ጊዜ እስኪደርስ ቆሞ ጠበቀ። ከዚያ ወደ ሥራው ሄደ። እርሳቸው ይህን አላዩም። አላዩም፤ ሰውም ሊነግራቸው አይችልም ነበር። ጥሪያቸውን ጨርሰው እጃቸውን ጉሮሯቸው ላይ አሳረፉ።

የኔታ ግማሽ ሰዓት ያህል አጠገባቸው ተቀመጡ። እንደ ወትሯቸው ጆሯቸውን ወደ ሰውየው አዘንብለው ነበር። በመጨረሻ ተነሡና ወደ እኔ መጡ።

«ምን ሰማሽ?»

«ምንም፣ የኔታ።»

«እኔም።»

ወደ ካርቲየ አንድ ተመለስን። ሱቁን ከፍተው፣ ብራናውን ራሳቸው ዘርግተው፣ ቀለሙን ራሳቸው አማስለው ወንበሬን ወደ ጠረጴዛው አስጠጉልኝ።

«በሠላሳ ዓመት ሳላዳምጥ ያሰርኩት እሳቸውን ብቻ ነው» አሉ። በዚያ ጠረጴዛ ላይ «እሳቸው» ሲሉ የሰማኋቸው ያን ጊዜ ነው።

«ሁለተኛውን መስመር አልጽፍም» አልኋቸው። በመንገድ ላይ ሳዘጋጀው የነበረ ረጅም ንግግር ነበረኝ፤ የወጣው ግን ይኸው ብቻ ነው።

«ማን ጻፊ አለሽ?»

«እንግዲያውስ እኔ ልፈርም። ስህተቱ የእኔ ነው፤ የእኔ እናት ስም ይሰቀል።»

ያን ጊዜ ተቆጡ። በሃያ ሦስት ዓመት አንድ ጊዜ ብቻ ነው የተቆጡኝ። «ጸሐፊ አይፈርምም! ሰሌዳው ላይ ያለው የማን ስም ነው? ሰው ዝም ያሰኘሁት እኔ፣ ሲፈታ የምትሸሽጊኝ አንቺ? ቁጭ በይ።»

ቁጭ አልሁ። ከውጭ ፋጡማ የጫቷን ጆንያ ስትዘረጋ፣ ከማን ጋር እንደሆነ አላውቅም፣ ስትሳሳቅ ይሰማል።

ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ከሃያ ደቂቃ ላይ የተወሰነው ይህ ነው። ጽሑፉ «በካርቲየ ሰባት ቢስ የሚኖሩት ይናገሩ» የሚል አንድ መስመር ይሆናል፤ «አንተ ግን» የሚል አይጨመርበትም። እስኪደርቅ ድረስ በበሩ ላይ በውጭ በኩል ይሰቀላል፤ ሱቁም አይዘጋም። በግርጌው የኔታ አጥናፉ ይፈርማሉ። መስመሩን ጻፍሁ፤ የኔታ ጎንበስ ብለው የእናታቸውን ስም ነገሩኝ። አንድ ጊዜ ብቻ አሉት፤ እንዲደግሙልኝም አልጠየቅሁም። ጻፍሁት።

እዚህ ግን አልጽፈውም።